ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያለ ዘፋኝ የምትጫወተው ባንዳችሁ «ዘፋኝ ካልጨመራችሁ ማን ይገዛችኋል?» መባሏን ሳነብ በራሴ አፈርኩ። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተሰኘው ዘፋኝ አልባ ሸክላ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እኔም ያንኑ ብዬ ነበር። ሸክላውን ከመደርደሪያ አንስቼ አገላበጥኩት፤ የዘፋኝ ስም ሳጣበት መልሼ አስቀመጥኩት። እኛ ግጥም ወዳዶች ነን፤ ሰምና ወርቅ ያልያዘውን ሁሉ ማጀቢያ እንለዋለን።

ከዚያ አጎትሽ አንድ ማታ ዋልያሶች ወደሚጫወቱበት ሂልተን ይዞኝ ሄደ። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነበርና አንዴ የገባ እስኪነጋ አይወጣም። ባሱና ከበሮው ፈንክ ይመታሉ፤ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ኦርጋኑን ዘፋኙ ሊቆምበት በሚገባው ቦታ አስቀምጦ በእኛው ቅኝት ያንጎራጉርበታል። በሸክላው ላይ እንኳ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን አብሯቸው አለ። ሲነጋ በቤተ መንግሥቱ አጥር ጎን ወደ አራት ኪሎ ስወጣ ዜማውን አፏጭ ነበር። ወታደር ከፊቴ ሲመጣ ደንግጬ ዝም አልኩ። ካለፈ በኋላ ግን ግጥም የሌለውን ነገር ምን ብሎ ይከሰኛል ብዬ ቀጠልኩ።

አንቺ ኃይሉ ብቻውን በአኮርዲዮን የተጫወተበትን የ1985ቱን ካሴት እንደምታስበልጪ አውቃለሁ። አልስማማም። ካሴቱ ባዶ ቤት ውስጥ ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ይመስለኛል፤ ደስ ይላል፣ ግን ያስተክዛል። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉም እዚያው ቀረ። ብቻውን ሲሆን መሣሪያው በቃል ፋንታ መናገሩን ከየት ያመጣው ይመስልሻል? ከ«ቼ በለው» ነው። በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲፈልገው ጣቶቹ አልዛጉም። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበሙን ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር።

የዘፋኙን ነገር እናንተ ወስኑ። በላክሽልኝ ቅጂ ግን ሦስተኛው ዜማ ላይ ባሱ አይሰማም። ኦርጋንሽ ደግሞ ፋታ አያውቅም፤ ዘፋኝ እኮ ይተነፍሳል። እሱን አስተካክላችሁ እንደገና ላኪልኝ።

አባትሽ
አራት ኪሎ