አባዬ፣ ገበሩን አየሁት

ሽቱትጋርት፣ ጀርመን፣ ኅዳር 2018

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ያነብልሃል። ቀስ ብሎ ያንብብልህ፣ የሚዘለው ነገር እንዳይኖር። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አልሆነልኝም። አንተም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባህ "ብርዱ እንዴት ነው?" ትልና ወሬውን ትቀይረዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ነገሩ የኮቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የኮቱ ገበር ብብቱ ስር ተተረተረ። አስር ዓመት ለብሼዋለሁ፣ ቢተረተርም አይፈረድበትም። ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ቱርካዊ ልብስ ሰፊ አለ፤ ወሰድኩለት። ኮቱን ገለበጠና ስፌቱን በጣቱ ተከትሎ ሄደ። ከአንገትጌው እስከ ታች። ልክ አንተ የሰው ሥራ ስታይ እንደምታደርገው። "ይሄ የማሽን ስፌት አይደለም፣ በእጅ ነው። ማን ሰፋው?" አለኝ። አባቴ ነው አልኩት። "ኡስታ ነው" አለ። በነሱ ቋንቋ ሙያውን አንጥሮ የሚያውቅ ማለት ነው። ከዚያ በትንሽ መቀስ ስንዝር ያህል ተረተረና ወደኔ አዞረው። "ይሄስ ምንድን ነው?"

ጋቢህ ነበር አባዬ።

ወዲያው ነው ያወቅኩት። ያቺ የቃጠሎ ምልክት አለችበት፣ የሃምሳ ሳንቲም ያህል። ሰባት ዓመቴ ላይ የከሰል ካውያውን ሳቀብልህ ፍም የወደቀባት ቦታ። አልተቆጣኸኝም ነበር፤ እጄን ነበር ያየኸው። አራት ድርብ የነበረውን ጋቢ ለሁለት ከፍለኸዋል። እንዳለ ቢገባ ኮቱ እንደሚያብጥ፣ እጄን እንደማያንቀሳቅሰኝ አስበህ ነው። እጅጌው ጋ አንድ ድርብ ብቻ ነው ያለው። ደረቱና ጀርባው ላይ ሁለት። ከላይ ያንን ጥቁር ሳቲን አልብሰህ ዘጋኸው፣ እኔም አስር ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ለበስኩት።

ያን ጊዜ ጠይቄህ ነበር። "አባዬ፣ ጋቢህስ?" ስልህ "ለአጎትሽ ላክሁለት፣ ገጠሩ ብርድ ነው" አልከኝ። አመንኩህ። ዋሽተኸኝ ስለማታውቅ እንዴት አላምንህም?

ኮቱን ከሰኞ ገበያ ሰልባጅ ውስጥ መርጠህ ስታመጣው ትዝ ይለኛል። ወንዴ ኮት ነበር፣ ትከሻው እኔን ሁለት ያደርገኛል። ሙሉ በሙሉ ፈታኸው። ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ እጅጌ ለብቻው፣ ጀርባ ለብቻው ተዘርግቶ ሳየው፣ ይሄ ተመልሶ ኮት አይሆንም ብዬ ነበር። አንተ ግን ጠመኔህን ጆሮህ ላይ ሰክተህ ዝም ብለህ ትሠራ ነበር። ከዚያ በፊት የጠርዝ መስፊያ ማሽንህን፣ ኦቨርሎኩን፣ ሸጠሃል። የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ኮስት ሼሪንጉ፣ ካልተከፈለ ኦርጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይወጣም ነበር፤ እነሱ ከሌሉ ደግሞ ስኮላርሺፑ የለም። የኦቨርሎኩን አውቅ ነበር፣ አልቅሼበታለሁም። የጋቢውን ግን ደበቅከኝ።

አረፋ ሐሙስ ዋለ፣ መስከረም 13 ቀን 2008። ቅዳሜ ተሰብስቦ ዱአ የሚደረግበት ወዳጃ ተደረገልኝ። እማዬ በሕይወት ኖራ ብታየው እያልኩ ቡና ያፈላሁት እኔ ራሴ ነበርኩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት መጥቶ መደቡ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲመርቁኝ የአንተ "አሚን" ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ድምፅህ ይያዝብህ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ያዝን። ከደሴ አዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት። አንተ ምንም አልበላህም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተህ ለእኔ ሰጠኸኝ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተን ጣርማ በር ላይ ጉም ሲውጠን ሾፌሩን ለምነህ አስቆምከው። ሰዉ አጉረመረመ። "ኮቱን ልበሺና ውረጂ" አልከኝ። አፍሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። አምስት ደቂቃ ያህል ነፋሱ ላይ አቆምከኝ። ከዚያ እጅህን ከኮቱ ስር አስገብተህ ጀርባዬን ዳበስከው።

"ሞቀሽ?"

"ሞቀኝ።"

"እንግዲያው ይበቃል" ብለህ ወደ አውቶቡሱ ገባህ። አንተ በሸሚዝና በስስ ሹራብ ነበርክ። ስፌቱን እየፈተሽክ መስሎኝ ነበር። ጋቢህን እየተሰናበትክ እንደነበር ያወቅኩት ያለፈው ሳምንት ነው።

ቦሌ እንደምታውቀው ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። መኪና ማቆሚያው ጋ ነው ሁሉም የሚለያየው። ዙሪያችን ሰው እየተቃቀፈ ይላቀስ ነበር። አንተ ቁልፎቼን አንድ በአንድ ቆለፍክልኝ፣ እስከ አንገቴ ድረስ። ላብ አጥምቆኝ ነበር፤ አዲስ አበባ እኮ ያን ቀን ሞቃት ነበር! ግን አንድም ቁልፍ አልፈታሁም። "ሁለት ዓመት ነው አባዬ" አልኩህ። "አላህ በሰላም ያግባሽ" አልከኝ።

ሁለት ዓመቱ አስር ሆነ። ትምህርቱ አለቀ፣ ሥራ ተገኘ፣ አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ እዚሁ ቀረሁ። በመሃል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስት ሳምንት፣ መጥቼ አየሁህ። አንተ ግን አንድም ቀን "መቼ ነው የምትመጪው?" ብለኸኝ አታውቅም። የሌሎች ወላጆች ይጠይቃሉ፣ ጓደኞቼ ይማረራሉ። እኔ ባለመጠየቅህ ነው የምጎዳው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ስልክ ሲቋረጥ፣ ከአንድ ወር በላይ ድምፅህን አልሰማሁም። ማታ ማታ ማሞቂያው እየሠራ ኮቱን ለብሼ አልጋ ላይ እቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከዚያ ስልኩ ሲገባ የመጀመሪያው ቃልህ "በረዶው ጀመረ?" ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባልህ የጎረቤት ልጅ መሆኗን ወንድሜ ነግሮኛል። አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ያናዘዝኩት። "ደመና ደመና ይለኛል" ያልከው የዓይን ሞራ ነው አባዬ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብህ ነው፣ የዓይን ክፍል አለው። የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ፤ ዓይኑ ስለሚደነዝዝ አያምህም። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ሲድን ሌላውን። "አርጅቻለሁ፣ ምን ያደርግልኛል" እንዳትለኝ። ያንን ስፌት የሰፋ ዓይን እንደገና ማየት አለበት።

ጥር መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ የሁለት ወር ፈቃድም ወስጃለሁ። አብሬህ እሄዳለሁ። እዚያም አጃቢ አይገባም ካሉኝ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ቁልፍህንም እኔ እቆልፍልሃለሁ። ለጋቢው ወንድሜ ሸማኔ ጋ እንዲያዝ ብር ልኬያለሁ። አራት ድርብ። ይሄኛውን ለማንም አትልክም።

ቱርኩ ሰውዬ ገበሩን በአዲስ ልቀይርልሽ ብሎኝ ነበር፤ እንደነበረ መልስልኝ አልኩት። እሱም በእጁ ሰፋው። መጥቼ አሳይሃለሁ፣ ዓይንህ ሲድን ሥራውን ትፈርድለታለህ።

ለሲንጀሯ መርፌ ላመጣልህ እፈልጋለሁ። ቁጥር 14 ነው ወይስ 16 የምትጠቀመው? ጥቁርና ነጭ ክር ይዣለሁ። ሌላ የምትፈልገው ቀለም ካለ ለወንድሜ ንገረውና በቴሌግራም ይጻፍልኝ።

ዱአህ አይለየኝ።

ልጅህ