አንድ ፊት ለሺህ ሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ካርቱን ማጋነኑ አያስወቅሰውም፤ ምኑን ነው የሚያጋንነው ነው ጥያቄው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1942 ፒ.ኤም. የተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ የአሜሪካዊውን የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲና ሠዓሊ የዶክተር ስውስን የካርቱን ሥዕል አወጣ። ከምዕራብ ጠረፉ የዋሽንግተን ግዛት እስከ ካሊፎርኒያ የተሰለፉ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ለጠላት እንደሚሠሩ ሰርጎ ገቦች ከአንዲት ጎጆ ፈንጂ ይቀበላሉ። መነጽሩ አንድ፣ ፈገግታው አንድ። ሂትለር ግን በዚሁ ሠዓሊ እጅ ራሱን ሂትለርን ነበር የሚመስለው። በስድስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸውን ከቤታቸው ለማስወጣት ያገለገለውን ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ፤ 120,000 ያህል ሰው በካምፕ ታጎረ፣ ሁለት ሦስተኛው የአገሪቱ ዜጋ። ትእዛዙን ሥዕሉ አመጣው ማለት አይደለም፤ ትእዛዙ የደረሰው ግን ቀድሞ በተዘጋጀ ጆሮ ላይ ነው።

አርታኢዎች ከማተማችሁ በፊት የሥዕሉን ጽሑፍ በእጃችሁ ሸፍኑት። ፊቱ የተወቀሰውን ባለሥልጣን ለይቶ ካላሳየና ለዘመዶቹም ለጎረቤቶቹም የሚሆን ከሆነ ለሠዓሊው መልሱለት። በአፍንጫውና በከንፈሩ ፋንታ የፈረመውን ወረቀት ያጋንን።