ብርድ የመታው ኮምፒውተር

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 2017

ይድረስ ለእህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ሌሊት ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ በሩን እንደ እንግዳ ያንኳኳል።

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬሽ ከረምኩ። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ዛሬ ብዕር ያስያዘኝን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሬን ፈታሁት። ያንን በ2010 ባሕር ዳር፣ ተከራይተናት በነበረችው ክፍል፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈን የገጣጠምነውን። ከኬዙ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። በላዩ በእስክሪብቶ «ይህን ገመድ ሳትጠይቂኝ እንዳትነኪ» ይላል። የእጅ ጽሑፍሽ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። ጠዋት ቁልፉን ስጫነው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ ጥፍት። ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል። ደግሞ ጥፍት። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ካሰቃየኝ በኋላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ግን አንዴ ብትነኪው በቃ፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል። የእኔ እንጀራ ደግሞ ጠዋት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይቡ ልጆች ፍላሽ ይዘው በራፌ ላይ ይቆማሉ። እኔ ቁልፍ እየተጫንኩ «ትንሽ ጠብቁ፣ እየተነሳ ነው» እላለሁ።

ያልጠረጠርኩት የለም። ራሙን፣ ማስታወሻ ካርዱን፣ አውጥቼ እግሩን በላጲስ ጠረግሁ፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ። አልሆነም። የማብሪያው ቁልፍ ተጣብቆ ይሆናል ብዬ ሽቦውን ከማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር ከሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ፣ ነቀልኩና ሁለቱን እሾሆች በካቻቪቴ ጫፍ አነካካሁ። ያው ነው። ዲቫይደሩን ትቼ ስፒናውን ግድግዳው ላይ ሰካሁ። ያው ነው። በዚህ መሃል ስመልሰው የፕሮሰሰሩን የኃይል ገመድ ረሳሁትና ፋኑ እየዞረ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ፣ ግማሽ ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ይህችን ለማንም እንዳታወሪ።

ተሸክሜ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የደረስኩት በስድስት ሰዓት ነው። ሲያበሩት በአንዴ ተነሳ። ሳይከፍቱት «ማዘርቦርዱ ሊሞት ነው፣ አዲስ ግዢ» አሉኝ። አልገዛሁም። ገንዘቡም አልነበረኝም፣ ነገሩም አልተዋጠልኝም።

መፍትሔው የመጣው ከአከራዬ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? እማማ ሰማንያን ያለፉ ናቸው። ጠዋት ቡና ሲያፈሉ የእኔን መንገላታት ያያሉ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይኼ ነገር ብርድ መቶታል። ፀሐይ ሲሞቀው አይደል የሚነሳ? ጋቢ ጣል አርጊበት» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ተነስቼ ተቀመጥኩ። ማሽኑ የባሕር ዳር ልጅ ነው እኮ! ሐይቅ ዳር፣ ሙቀት ላይ ነው ያደገው። ደጋ የወጣው ከእኔ ጋር ነው።

ለካ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ ወደሚስማማ ኃይል የሚቀይረው ሳጥን። ውስጡ ያሉት፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች ፈሳሽ አላቸው። ፈሳሹ በዓመታት ሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። የቀረው ደግሞ በብርድ ይሰንፋል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ሲበራ የሚያወጣቸው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቶች ከረጉ በኋላ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሴኮንድ ጠብቆ «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት ለማዘርቦርዱ ይልካል። ያ ምልክት ካልጸና ማዘርቦርዱ ሥራ አይጀምርም። የእኔው አሮጌ ይልክና ይወድቃል፣ ይልክና ይወድቃል። በየሙከራው ትንሽ ትንሽ ይሞቃል። በአምስተኛው ይቆማል።

ቴስተር፣ ቮልት መለኪያ፣ ተውሼ 12 ቮልቱን ለካሁ። 11.9 አለኝ። ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ጤና ስለሆነ ሊያታልለኝ ነበር። ቴስተር ግን አማካዩን ነው የሚያሳይሽ፣ በመሃል ያለውን መንቀጥቀጥ አይነግርሽም። ስለዚህ ከጎረቤት ልጅ ፓወር ሰፕላይ ተዋስኩና ገጥሜ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ አሳደርኩት። ለፍርድ እንዲመች። ጠዋት በ12 ሰዓት በጋቢዬ ተጀቡኜ ተጫንኩት። በአንዴ! እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አዲሱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁ።

አሮጌውን ከፍቼ ካፓሲተር ልቀይር አላልኩም፣ አትቆጪ። የግድግዳው 220 ቮልት ገብቶ ወደ ዲሲ ሲቀየር ትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። ጋቢውንም አላለበስኩትም። ትንፋሽ ያጥረዋል። ለእማማ ግን አልነገርኳቸውም።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 2017 ይመለሳል። የፈረንጁ 2017 ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሳየው የእኛን ዘመን አቆጣጠር የለመደ መስሎኝ ደስ አለኝ! በኋላ ድረ ገጽ ስከፍት ሁሉም «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አስቸገረኝ። የገጹን ምስክር ወረቀት ሲያይ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ይመስለዋላ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 ባትሪ ናት። 3 ቮልት መሆን ሲገባት 2.4 ላይ ወርዳለች። ቀየርኳት፣ አለቀ።

አሁን ወዳልኩሽ ልመለስ። እናትሽ ሲያርፉ አልመጣሁም። መንገዱ አያስኬድም ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ግን መንገድ ሲከፈትም አልመጣሁም። ስልክም አልደወልኩም። አፈርኩ። በቆየ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ። ያን ቀን ካርቶኑ ላይ ተንበርክከን ብሎን ስንፈልግ ዳቦ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ገብተው «ብረት ታቅፋችሁ ልትውሉ ነው?» ያሉን ትዝ ይልሻል? ፕላስተሩን ባየሁ ጊዜ እሳቸው ናቸው የመጡብኝ። ፕላስተሩም ከእሳቸው ቦርሳ የወጣ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ቢሆንልኝ ከከተራው በፊት እደርሳለሁ። ያንቺም ማዘርቦርድ ከእኔው ጋር በአንድ ቀን የተገዛ ነውና ሰዓቱን እስከዚያ እይልኝ። ወደ ኋላ እየተመለሰ ከሆነ አትድከሚ፣ ባትሪ ሁለት ነው የገዛሁት።

ያቺው ጓደኛሽ