አባዬ፣ ሰነፍ ብለህ አትለፈኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

የላክልኝን ቪዲዮዎች አይቼ ጨርሻለሁ። አንዱንም አልዘለልኩም፣ ያንን በጣም የሚጮኸውን ሰውዬ እንኳ ሳይቀር። በስልክ «አምላክ አለ ትያለሽ ወይስ የለም? በአንድ ቃል መልሺልኝ» ስትለኝ ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም። በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልመሰለኝ ነው። ይኸው አሁን ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። ረዘም ስለሚል መነጽርህን አድርግ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳይምታታብህ።

መጀመሪያ ስለዚያች ጥቅስ ላውራ። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል።» መዝሙር 14። ከመልእክትህ ሁሉ ግርጌ እሷ አለች። ይገባኛል፣ ለእኔ ነው። ግን ፍልስፍና ውስጥ ከታወቁት ክርክሮች አንዱ የተነሳው ከዚህችው ጥቅስ መሆኑን ታውቃለህ? አንሰልም የሚባል መነኩሴ ነበር፣ ኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሰነፍ ይዞ ተነሳ። ሰነፉም ቢሆን አምላክ ሲባል የሚባለው ይገባዋል አለ፤ ከእርሱ የሚበልጥ ነገር ሊታሰብ የማይችል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሐሳብ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ በእውን ያለ ይበልጠዋል። እንግዲያው በእውንም መኖር አለበት። በቃ፣ ክርክሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ደግሜ ሳነበው ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መናገር አቃተኝ።

ያኔ ጋውኒሎ የሚባል ሌላ መነኩሴ በሰነፉ ፈንታ ሆኖ መልስ ጻፈ። ልብ በል፣ ሰውዬው አማኝ ነው። «እንደ አንተ አካሄድ ከደሴቶች ሁሉ የሚበልጥ ደሴት ባስብ፣ ያ ደሴት የግድ አለ ልል ነው» አይነት ነገር ነው ያለው። አንሰልም ምን አደረገ? አላወገዘውም። መልስ ጻፈለትና የጋውኒሎ ተቃውሞና የራሱ መልስ ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንዲገለበጡ ጠየቀ። ለሰነፉ ጥብቅና የቆመለት መነኩሴ ነው እንግዲህ። እኔም ከአንተ የምፈልገው ይህንኑ ነው አባዬ። አምናለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ አንተም በጥቅስ አትዝጋኝ።

ወደ ቪዲዮዎቹ ልመለስ። የሰዓቱን ነገር በቶሎ ልለፈው። ሜዳ ላይ ሰዓት ብታገኝ ሠሪ አለው ትላለህ፣ ዓይንማ እንዴት ሠሪ አይኖረውም፣ የሚለው የእንግሊዛዊው ቄስ የዊልያም ፔሊ ነው፣ የ1802። ዳርዊን በ1859 ዓይንን የመሰለ ነገር ቀስ በቀስ እንዴት ሊመጣ እንደሚችል ካሳየ ወዲህ ያ ክርክር እንደ ድሮው አይቆምም። ዛሬ የሚሻለው አቀራረብ ስለ ተፈጥሮ ሕግጋት ነው፤ በሕግጋቱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ የስበት ኃይል መጠን፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ ኖሮ ሕይወት ባልኖረ ነበር የሚለው። እሱ ያሳስበኛል፣ ግን ቁጥሮቹ ሌላ መሆን ይችሉ እንደነበር ራሱ ማን አረጋገጠ?

የሚጮኸው ሰውዬ ደግሞ «ቢግ ባንግ ዘፍጥረትን አረጋግጧል» ይላል፤ ቢግ ባንግ ዩኒቨርስ እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነስቶ እየሰፋ መጣ የሚለው የሳይንስ ሐሳብ ነው። ለዚህ የሚመልስለት ጆርጅ ለሜትር ነው። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1927 ያቀረበ ሳይንቲስት ነው፣ ደግሞም የካቶሊክ ቄስ። ሮማዊው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ሳይንሱ ለፍጥረት የሚመሰክር አስመስለው ሲናገሩ ለሜትር ደስ አላለውም። ሳይንሱንና እምነቱን አያቀላቅልም ነበር። ቄሱ ያልደፈረውን የኛ ሰውዬ ለምን ይደፍራል?

«መጀመሪያ ያለው ሁሉ አስጀማሪ አለው፣ ዓለም መጀመሪያ አላት፣ ስለዚህ አስጀማሪ አላት» የሚለውን የራሱ ግኝት አድርጎ ነው የሚያወራው እንጂ ሙስሊሙ ሊቅ አል-ጋዛሊ ከ900 ዓመት በፊት ጽፎታል። ግን ፍርድ ልስጥ፤ የእኔ ጓደኞች የሚመልሱት «ታዲያ አምላክን ማን ፈጠረው?» የሚለው መልስም ርካሽ ነው። ክርክሩ የሚለው መጀመሪያ ስላለው ነገር ነው፣ አምላክ ደግሞ መጀመሪያ የለውም ነው የሚሉት። ጥያቄው አያገኛቸውም።

አንተ ያልላክልኝ፣ እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ክርክር አለ። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲና በአንድ መልኩ፣ የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኳይናስ በሌላ መልኩ ብለውታል። ስለ መጀመሪያ ቀን አይደለም፣ ስለ አሁን ነው። የማየው ሁሉ ባይኖርም ይችል ነበር። እኔም፣ አንተም፣ ኮከቦቹም። እያንዳንዱ በሌላ ተደግፎ ነው ያለው። ከሰንሰለት የተንጠለጠለ መብራት አስብ፣ ሰንሰለቱ የፈለገውን ያህል ቢረዝም መብራቱን የሚይዘው ጣሪያው ነው። በሌላ ያልተደገፈ፣ አለመኖር የማይችል አንድ ነገር መኖር አለበት ይላሉ። የኛው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብም በሐተታው (ማን ጻፈው የሚለው ሙግት እንዳለ ሆኖ) ከወላጅ ወደ ወላጅ እየቆጠረ ወደ ኋላ ሄዶ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ጋ ይደርሳል። በ1948 እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በቢቢሲ ሬዲዮ ከኢየሱሳዊው ካህን ከኮፕልስተን ጋር ሲከራከር የመለሰው፣ ዩኒቨርስ እንዲሁ አለ፣ በቃ፣ የሚል ነበር። ራስልን እወደዋለሁ፣ ይህ መልሱ ግን አያጠግበኝም። ለምን አንዳች ነገር ኖረ? ለምን ባዶ አልሆነም? እዚህ ጋ ስደርስ አባዬ፣ ካንተ ብዙም አልርቅም።

ግን ያ ጣሪያ የአንተን ጸሎት ይሰማል ወይ? ያዝናል? ይህን ክርክሩ አይነግረኝም። አኳይናስም ወደዚያ ለመድረስ ብዙ ገጽ ነው የፈጀው፣ ከፊሉንም ለእምነት ትቶታል።

የሚያግደኝን ደግሞ ልንገርህ። ዊልያም ሮው የሚባል ፈላስፋ በ1979 ያነሳው ምሳሌ ነው። ጫካ ውስጥ መብረቅ ደረቅ ዛፍ ይመታል። እሳት ይነሳል። አንዲት የአጋዘን ግልገል እሳቱ ውስጥ ትገባለች፣ ክፉኛ ትቃጠላለች፣ ወዲያው አትሞትም። ለቀናት ስትሰቃይ ቆይታ ትሞታለች። ማንም አላያትም። ከስቃይዋ የተማረ ሰው የለም፣ ኃጢአት የሠራ የለም፣ ነፃ ፈቃዱን የተጠቀመም የለም። ሁሉን የሚችል ቸር አምላክ ካለ ያቺን ግልገል ቢያንስ ቶሎ እንድትሞት ለምን አላደረጋትም? ስለ ሰው ክፋት ሲጠየቅ «ነፃ ፈቃድ ስለሰጠን ነው» የሚለው መልስ የሚያስኬድ ነው። ለግልገሏ ግን አይሠራም። በ1755 በሁሉም ቅዱሳን በዓል ጠዋት በፖርቱጋሏ ከተማ በሊዝበን ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ለእነሱም አይሠራም።

መልስህን ገና ሳትልክልኝ አውቀዋለሁ፣ የእግዚአብሔርን ምክንያት እኛ አናውቅም ትላለህ። ሊሆን ይችላል። ያልታየኝ ምክንያት የለም ማለት እንዳልሆነ አምናለሁ። ግን እስቲ መጽሐፈ ኢዮብን ደግመህ አንብብልኝ። ሦስቱ ወዳጆች ለእግዚአብሔር ይሟገቱለታል፣ ምክንያት ይደረድሩለታል። ኢዮብ ይጮኻል፣ ይከስሳል። እግዚአብሔር በመጨረሻ «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» ብሎ ኢዮብን ያፋጥጠዋል፣ እውነት ነው። ግን ምዕራፍ 42 ላይ የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጠበቆቹ ላይ! እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ይህን የሚያህል ነገር ከነዚያ ቪዲዮዎች አንዱም አላነሳውም፣ ገረመኝ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። አንተ በአንሰልም ወይም በአኳይናስ ምክንያት አላመንክም። ፓስካል ታላቅ የሒሳብ ሰው ነበር፣ ሲሞት ልብሱ ውስጥ የተሰፋ ወረቀት ተገኘ። በኅዳር 1654 አንድ ሌሊት ስላጋጠመው ነገር የጻፈው ነው፤ «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ» ይላል፣ የፈላስፎችና የሊቃውንት ሳይሆን። ማስረጃ አልነበረም የሰፋው። አንተም እንደዚያ ያለ ነገር ያለህ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ማለዳ ተነስተህ ስትጸልይ አይቻለሁ፣ ምን እንደያዘህ ግን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄህ አላውቅም፣ አሁን ልጠይቅህ። ባታሳምነኝም መስማት እፈልጋለሁ።

በአንድ ቃል መልሺ ላልከኝ፣ ቃሌ «አላውቅም» ነው። ስቀልድ አይደለም፣ ለማምለጥም አይደለም።

ስለዚህ ቪዲዮ መላኩን ለጊዜው ተወው። በቮይስ መልስልኝ፣ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ችግር የለውም። ከግልገሏ ጀምር።

ልጅህ