መጋቢት 22 ለምን ይቅርብን?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት የሳይንስ ዓምዳችሁ ላይ «ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ» የምትል ዐረፍተ ነገር አየሁ። ቆንጆ ናት። እኔም የሒሳብ መምህር ሆኜ ስንት ዓመት ተማሪዎቼን በእሷ ሳስደንቅ ኖሬያለሁ። ችግሩ ልክ አለመሆኗ ነው።

ጋሊሊዮ ጣሊያን ውስጥ የሞተው ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ነው። ጣሊያን ያኔ አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይዛለች። እንግሊዝ ግን በአሮጌው በዩልዮስ ላይ ነበረች። ኒውተን «ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ተወለደ» የሚባለው በአሮጌው ነው። በአዲሱ ከተቆጠረ ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ዓመት ያገናኛቸው የካላንደር መደባለቅ ነው።

በእኛስ? ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ጋሊሊዮ ጥር 3 ቀን 1634 ዓ.ም. ያርፋል። ኒውተን ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም. ይወለዳል። በገና ዕለት! በዚያው ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ፣ ጎንደር ቢወለድ ኖሮ ስሙ ልደቱ ይሆን ነበር።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የዓለም የሒሳብ ቀን ማርች 14 ይከበራል። ነገሩን በ1988 የጀመረው ላሪ ሾ የሚባል፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም የሳይንስ ሙዚየም ይሠራ የነበረ የፊዚክስ ሰው ነው። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው 3/14 ብለው ስለሚጽፉ የፓይ፣ ማለትም የክብ ዙሪያ በመሃል ለመሃል ስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ዋጋ 3.14 ይመጣላቸዋል። በዚያ ላይ «ፓይ» የሚባል ጣፋጭ ስላላቸው እሱን ይበሉበታል። ዩኔስኮም በ2019 አጸደቀው። ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው።

ለእኛ ግን አይሠራም። እኛ የምናስቀድመው ቀኑን ነው። 3/14 ስንል የ14ኛው ወር 3ኛ ቀን ማለታችን ነው። 13 ወር ያለን እኛ እንኳ እዚያ አልደረስንም። ዕለቱ ራሱ በእኛ መጋቢት 5 ነው፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል። አቦን ማን ከፓይ ጋር ያሻማል?

ስለዚህ መጋቢት 22 ይሁንልን። መጋቢት 7ኛ ወራችን ነው፤ ስንጽፈው 22/7 ይሆናል። ትምህርት ቤት የተማርነው ክፍልፋይ! ደግሞ ለእውነተኛው ፓይ ከ3.14 ይልቅ 22/7 ይቀርባል። 3.14 በ0.0016 ገደማ ያንሳል፣ 22/7 በ0.0013 ገደማ ይበልጣል። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜደስም ፓይ ከ22/7 እንደሚያንስ አረጋግጦ የሄደው ከ2 ሺህ 200 ዓመት በፊት ነው። ሌሎች አገሮች 22/7ን ጁላይ 22 ላይ ያከብሩታል፤ እኛ ወደ አራት ወር ገደማ እንቀድማቸዋለን።

ስለ ምግቡም አስቤበታለሁ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት ስለማይውል መጋቢት 22 ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ቅቤ የበዛበት ጣፋጭ አይሆንም። ድፎ ዳቦ ግን የጾም ነው፣ ክብም ነው። ልጆች ዙሪያውን በክር ይለኩ፣ በመሃሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላለው ርዝመት ያካፍሉ፣ ከዚያ ይቁረሱት። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ አደራ።

ይህ የፈጠራ በዓል ነው የሚል ካለ፣ እውነተኛ የሚከበርም አለኝ። የጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ የጋውስ እናት ልጇ የተወለደበትን ቀን አልጻፈችም። የምታስታውሰው ረቡዕ መሆኑንና ለዕርገት ስምንት ቀን ሲቀረው መውለዷን ብቻ ነበር። ጋውስ አድጎ የፋሲካን ቀን ማውጫ ቀመር ሠራ፣ የራሱንም ልደት አገኘ፤ ኤፕሪል 30 ቀን 1777። ሚያዝያ 22 ቀን 2019 ዓ.ም. 250 ዓመት ይሞላዋል። ባሕረ ሐሳብ ባለበት አገር ይህን ታሪክ የማይወድ ይኖራል?

የእኔም እናት መቼ እንደወለደችኝ ስጠይቃት «የመጋቢት አቦ ማግስት» ነው መልሷ። የአሜሪካኖቹ የፓይ ቀን በአንዲት ቀን አምልጦኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሒሳብ መምህር