«ሲያድግ ይስተካከላል» የማይሠራላቸው ልጆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በልጆች የሽንትና የመራቢያ አካላት ቀዶ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ መልስ ነው፤ ልጁን መጀመሪያ ያየው ባለሙያ «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ አሰናበተን ይላሉ። መልሱ ጨርሶ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። አዲስ በተወለደ ወንድ ልጅ የቆለጥ ከረጢት ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በራሱ ይጠፋል፤ የሕፃን ሸለፈት ወደ ኋላ አለመሸሹ ተፈጥሯዊ ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ ሌሊት አልጋው ላይ መሽናቱም ብቻውን ወደ ቀዶ ሐኪም የሚያስሮጥ ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ይኸው መልስ የጊዜ ገደብ ላላቸው ሕመሞችም ያለ ልዩነት መሰጠቱ ነው።

ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚያጋጥመው የቆለጥ አለመውረድ ነው። ቆለጥ በጽንሱ ሆድ ውስጥ ከኩላሊት አጠገብ ይፈጠርና በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በብሽሽት በኩል አልፎ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ጊዜያቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ ወንዶች 3 በመቶ ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከሚወለዱት ደግሞ እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት አንዱ ወይም ሁለቱም ቆለጣቸው ሳይወርድ ይወለዳሉ። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚስተካከሉ ዓመት ሲሞላቸው ቁጥሩ ወደ 1 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ከ6 ወር በኋላ ግን በራሱ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ እምብዛም አያዋጣም፤ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ስድስቱ ወር የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን አንሥቶ መሆኑንም ልብ ይሏል። መመሪያዎች ቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ እንዲደረግ የሚመክሩት፣ ቆለጥ በሆድ ወይም በብሽሽት ሙቀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ዘር የሚያመነጩት ሴሎች እየመነመኑ ስለሚሄዱ ነው። በኋለኛው ዕድሜ የካንሰር ስጋትም አለ፤ ከጉርምስና በፊት መሠራቱ ስጋቱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ ስለማያጠፋው፣ ልጁ ሲጎረምስ ቆለጡን በራሱ እጅ መፈተሽ ሊማር ይገባል።

ብዙ ወላጆች የሚደክሙት ደግሞ በምርመራው ነው። የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ሳይነሣ መምጣት የለበትም የተባሉም አሉ። ለዚህ ጉዳይ አልትራሳውንዱ «የለም» ቢል ቆለጡ የለም ማለት አይደለም፤ «አለ» ቢልም ውሳኔውን አይለውጠውም። የሚፈርደው የመርማሪው እጅ ነው። ሕፃኑ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ተረጋግቶና እግሮቹ ተከፍተው ይተኛል፤ መርማሪው እጁን ካሞቀ በኋላ በአንደኛው እጁ ከዳሌው አጥንት ጫፍ ጀምሮ ብሽሽቱን ወደ ታች ቀስ እያለ ይዳብሳል፣ በሌላው እጁ ቆለጡን ከረጢቱ አፍ ላይ ይቀበለዋል። ቀዝቃዛ እጅና የሚያለቅስ ሕፃን ሲገናኙ ጤናማው ቆለጥ እንኳ ወደ ላይ ይሸሻል። ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ እጅ ሲለቀው እዚያው የሚቆይ ከሆነ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ልጁ እያደገ ሲሄድ ተመልሶ ወጥቶ የሚቀር ስላለ በየዓመቱ መታየት አለበት። እጅ እንደለቀቀው ወዲያው የሚመለሰው ግን ያልወረደ ነው። በእጅ ጨርሶ ያልተገኘው በማደንዘዣ እንደገና ይዳሰሳል፤ አሁንም ካልተገኘ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ሆድ ውስጥ ይፈለጋል። አንድ ጉዳይ ግን ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ቀንም አይጠብቅም፤ አዲስ በተወለደ ሕፃን ላይ ሁለቱም ቆለጦች በእጅ ካልተገኙ፣ ሕይወትን የሚያሰጋ የአድሬናል እጢ (ከኩላሊት በላይ የሚገኝ ሆርሞን አመንጪ እጢ) ሕመም ሊሆን ስለሚችል የሆርሞንና የክሮሞሶም ምርመራ ወዲያው መደረግ አለበት።

ቀዶ ሕክምናው ወላጆች እንደሚፈሩት ከባድ አይደለም። ብሽሽት ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ቆለጡ ከነደም ሥሩ ካለበት ይላቀቃል፣ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገኘው ቡአ ይዘጋል፣ ከዚያም በከረጢቱ ቆዳ ሥር በተዘጋጀለት ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ልጆች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን በታችኛው ጎኑ የተከፈተ ልጅ የሚያሳስበኝ በሌላ ምክንያት ነው። ይህ ሃይፖስፓዲያስ የተባለው ችግር አስቸኳይ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መገረዝ የለበትም። ሐኪሙ አዲሱን የሽንት መተላለፊያ ሲሠራና ሲሸፍን የሚጠቀምበት ሥጋ ብዙ ጊዜ ያው ሸለፈት ነው። ሸለፈቱ ከላይ እንደ ኮፍያ ተሰብስቦ ከታች የጎደለ ሆኖ ከታየ፣ የሚገርዘው ሰው ማንም ይሁን ማን እጁን ይሰብስብ።

ወንድ ልጅ ሲሸና ማየትም ምርመራ ነው። ሽንቱ በጉልበት የማይወጣ፣ የሚንጠባጠብ ወይም ለመሽናት የሚያምጥ ሕፃን፣ የሽንት መውጫው ከተፈጥሮ በቀጭን ሽፋን ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ከ5,000 እስከ 8,000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱን ብቻ የሚያገኝ ቢሆንም ቸል ከተባለ ፊኛውን ያደነድናል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። መጀመሪያ ካቴተር የተባለ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ሽንቱ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በፊኛው ውስጥ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ተሞልቶ ሲሸና በሚነሣ ኤክስሬይ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ በቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧው በኩል ገብቶ ሽፋኑን መቁረጥ ይቻላል። ሽፋኑ ተቆረጠ ማለት ግን ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም፤ የፊኛውና የኩላሊቱ ክትትል ለዓመታት ይቀጥላል።

ያለ በቂ ምክንያት የሚያተኩስ ሕፃን ሽንት ሊመረመር ይገባል። ይሁን እንጂ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት የተወሰደ ሽንት በቆዳው ጀርም ስለሚበከል፣ በካልቸር (ጀርም በማሳደግ በሚደረግ) ምርመራ ጀርም ታየበት ተብሎ ብቻ ልጁ ኢንፌክሽን አለበት አይባልም። በዚህ ሰበብ ያልታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ አልፎ ተርፎም ለማያስፈልገው የፊኛ ምርመራ ይዳረጋል።

መጠበቅ የሚገባበት ቦታ መኖሩንም ልሸሽግ አልፈልግም። በእርግዝና አልትራሳውንድ ኩላሊታቸው ሰፋ ብሎ ከታዩ ጽንሶች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከተወለደ በኋላ የሚደረገው አልትራሳውንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የእያንዳንዱን ኩላሊት የሥራ ድርሻ የሚለካው የኑክሌር ምርመራ ስፋቱ መጨመሩን ወይም ድርሻው መውረዱን ካላሳየ፣ መከታተሉ ራሱ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ቢላ ለማንሣት የሚቸኩል ሐኪም፣ ቆለጡ ላልወረደ ልጅ «ሲያድግ ይስተካከላል» ከሚለው ባልደረባው አይሻልም።

በሰዓት የሚቆጠረውን ያስቀረሁት ታላላቆቹን ልጆች ስለሚመለከት ነው። ቆለጥ በተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ሲጠማዘዝ ደሙ ይቋረጣል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ከተፈታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ይጠባል። በብዛት የሚከሰተው በጉርምስና ዕድሜ ሲሆን፣ ልጁ አፍሮ «ሆዴን አመመኝ» ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ማስመለስም አለው። ስለዚህ ድንገት ሆዱን አጥብቆ ያመመው ወንድ ልጅ ሱሪው ሳይወልቅ ተመርምሯል አይባልም። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ አልትራሳውንድ ወረፋ ላይ ማቆየት ቆለጡን ማሳጣት ነው፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ያልታመመው ቆለጥም በኋላ እንዳይጠማዘዝ በዚያው ይሰፋል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ የጤና ዓምዱ እነዚህን የዕድሜና የሰዓት ገደቦች በቁጥር እንዲያወጣ ነው። ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ወላጅን «ጠብቁ» ብለን ስናሰናብት እስከ መቼ እንደሚጠብቁና ምን ሲያዩ ቀድመው መመለስ እንዳለባቸው በልጁ ካርድ ላይ እንድንጽፍ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የልጆች ቀዶ ሕክምና ሐኪም