የባቡር ሽርሽር ስትጽፉ የቅንጦቱን ብቻ አታሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

የጉዞ ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ። ስለ ባቡር ጉዞ ስትጽፉ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ፎቶው ሁልጊዜ የቅንጦት ባቡር ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ፣ አልጋ የተነጠፈበት ክፍል። ይህን ያየ ሰው «ይሄ ለእኔ አይደለም» ብሎ ገጹን ይገልጠዋል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በእንደዚህ ዓይነት ጉዞ ሰው የሚፈልገው ነገር ያለው ከመስኮቱ ውጭ ነው፣ እሱን ለማየት ደግሞ ውዱን ባቡር መሳፈር ግድ አይደለም።

የስዊዘርላንዱን ቤርኒና ኤክስፕረስ ውሰዱ። ከኩር ከተማ ተነስቶ ጣሊያን ውስጥ ያለችው ቲራኖ ድረስ ይሄዳል። በመንገዱ 55 ዋሻና 196 ድልድይ አለ፤ ባቡሩ እስከ 2,253 ሜትር ከፍታ ይወጣና የበረዶ ግግር እያሳየ ወደ ሞቃቱ ሸለቆ ይወርዳል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጣሪያው ድረስ መስታወት በሆነው የቱሪስት ፉርጎ ለመሄድ ቦታ ማስያዝና ተጨማሪ መክፈል ያስፈልጋል። ግን በዚያው ሐዲድ ላይ፣ በዚያው ድልድይና ዋሻ ውስጥ፣ የአካባቢው ሰው ለሥራና ለትምህርት የሚመላለስበት መደበኛ ባቡር ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ደስ ያላችሁ ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ፣ በእግር ትንሽ ትዞራላችሁ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ትሳፈራላችሁ። ለእኔ ይሄኛው ይበልጣል። ስኮትላንድ ውስጥም እንደዚሁ ነው። 21 ቅስት ባለው የግሌንፊናን ድልድይ ላይ የእንፋሎት ባቡር ሲያልፍ በፎቶ ያላየ የለም፤ ተራው የመንገደኞች ባቡርም ግን በዚያው ድልድይ ላይ ያልፋል።

ባቡር ለምን እንዲህ ያለ ቦታ እንደሚያሳይም ብትጽፉ ጥሩ ነበር። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ መስመሩን ማዞር፣ ማጠማዘዝ፣ ገደል ላይ ድልድይ መዘርጋት ነበረባቸው። ብሩሲዮ ላይ የቤርኒና መስመር ከፍታውን ለመቀነስ በድንጋይ ድልድይ ላይ ክብ ይሠራና በራሱ ድልድይ ሥር ሾልኮ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1881 የተከፈተው የሕንዱ የዳርጂሊንግ ባቡር ደግሞ 61 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠባብ ሐዲድ የሂማላያን ግርጌ ሲወጣ፣ አንዳንድ ቦታ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ሌላ እርከን ይወጣል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። ዕይታው የተገኘው ከዚህ ሁሉ ልፋት ነው። ይህን አውቆ የተሳፈረ ሰው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው፣ ስልኩን የሚያወጣውም ፎቶ ለማንሳት ብቻ ነው።

አሁን ጭብጥ ስላላቸው ባቡሮች ልናገር። የእራት ባቡር አለ፣ የገና ባቡር አለ፣ ተዋንያን የግድያ ምሥጢር የሚተውኑበትና ተሳፋሪው ገዳዩን የሚፈልግበትም አለ። አልቃወምም፤ በተለይ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ጭብጡ ከቦታው የወጣ ሲሆን ነው። የኖርዌዩ የፍሎም ባቡር 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነስቶ ከ860 ሜትር በላይ ይወጣል። መንገድ ላይ ትልቅ ፏፏቴ ጋ ይቆምና ሰው ይወርዳል። በአውሮፓ በጋ ከፏፏቴው አጠገብ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሁልድራ የምትባለውን የአገሬውን ተረት የጫካ ሴት የምትጫወት ዳንሰኛ ከቋጥኝ ቋጥኝ ብቅ ትላለች። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ተረቱም ፏፏቴውም የዚያው አገር ስለሆኑ የተለጠፈ ነገር አይመስልም። እዚህም እዚያም በየትኛውም መስመር ላይ ሊቀርብ የሚችል ትርኢት ከሆነ ግን ቲያትር ቤት መሄድ ይሻላል፣ ቢያንስ ወንበሩ አይነቃነቅም።

ሌላው ሰው የማይጠይቀው ነገር ሰዓት ነው። ውብ በተባለው መስመር ላይ በሌሊት የሚያልፍ ባቡር ለዕይታ ምንም አይጠቅምም። የካናዳው ሮኪ ማውንቴኒር የሚሄደው በቀን ብቻ ነው፣ ሲመሽ ተሳፋሪው ሆቴል ያድራል፤ ይህ ትክክለኛ አሠራር ይመስለኛል። መደበኛ ባቡር የሚመርጥ ሰው ይህን ራሱ ማስላት አለበት። በክረምት በረዶው ያምራል፣ ቀኑ ግን አጭር ነው፣ ከሰዓት በኋላ የተነሳ ሰው የጉዞውን ግማሽ በጨለማ ሊጨርሰው ይችላል። ፎቶ የሚወድ ደግሞ ትልቁ መስታወት እንደማይከፈትና የፉርጎውን ውስጥ መልሶ እንደሚያንጸባርቅ ይወቅ። ለዚህ ነው የኒው ዚላንዱ ትራንዝአልፓይን መስታወት የሌለው ክፍት የመመልከቻ ፉርጎ ያለው። እዚያ ቆሞ ንፋሱን እየተቀበሉ ተራራ ማየት ከየትኛውም ምቹ ወንበር ይበልጣል።

ረጅሙን ጉዞ በተመለከተ ግን ለሰው እውነቱን ንገሩት። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ ከ9,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሳይወርዱ ከሄዱ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ከመስኮቱ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ጫካ ነው። አውስትራሊያን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መስመር ናላርቦር ሜዳ ላይ 478 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ኩርባ ይሄዳል። ይህን የሚወድ ሰው አለ፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ለሰዓታት የሚወራውም እንዲህ ዓይነት ባቡር ላይ ነው። በየደቂቃው አዲስ ነገር የሚፈልግ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ይመረዋል። እሱን ወደ አጭሩና ጠመዝማዛው መስመር ብትመሩት ውለታ ነው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ስለ አንድ የባቡር ጉዞ ስትጽፉ፣ በዚያው ሐዲድ ላይ መደበኛ ባቡር መኖር አለመኖሩን፣ በየትኛው ወር በቀን ብርሃን እንደሚያልፍ፣ ገደሉ ወይም ሐይቁ በቀኝ ይሁን በግራ መስኮት የሚታየው፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው መሳፈር መቻል አለመቻሉን ጨምሩበት። የአልጋውን ፎቶ ብትቀንሱት ለዚህ ሁሉ ቦታ ይበቃል።